በኮንዶሚኒየም ልጅ እያሳደግሽ ቆሻሻ መቀነስ ለምትፈልጊው እህቴ

ሰላም እህቴ። «3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ አንድ ልጅ አለን፣ ሁለተኛው ኅዳር ላይ ይወለዳል። በየቀኑ የምንጥለው ዳይፐርና ፌስታል እያሳሰበኝ ነው። ባሌ ግን አይሆንልሽም ይለኛል። ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሦስት ልጆች ያሳደግኩት አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ፣ ደረጃ በእግር፣ ግቢው ደግሞ የሁሉም ስለሆነ ጠያቂ የለውም። ያንቺም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ይሆናል፣ አይዞሽ።

ስለ ፌስታል ብዙ አልልም። 2017 ላይ ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ ከልክሎታል። ዘምቢል በር ላይ ስቀይ፣ አለቀ። ባዶ ሃይላንድ ለቆራሌው ነው፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ዋናዎቹ ዳይፐርና የወጥ ቤት ትርፍራፊ ናቸው፤ ዳይፐሩን በሚታጠብ ሽንት ጨርቅ ትተኪዋለሽ። በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ከውጭ የሚመጣውን ባለ ቁልፍ፣ ባለ ሥዕል ሽንት ጨርቅ አትግዢ። ዋጋው አይቀመስም። መርካቶ ፍላኔል በሜትር ግዢና ልብስ ሰፊ ቆርጦ ጠርዙን ይዘምዝምልሽ። ያረጀ ነጠላ ወይም ጋቢ ካለሽ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ እርጥበት በደንብ ይመጥጣል። አዲሱን ጨርቅ ልጁ ላይ ከማሰርሽ በፊት ደጋግመሽ እጠቢው። ሁለት ደርዘን ይበቃሻል። ከላዩ ላስቲክ ፓንት ታለብሺዋለሽ።

2. አትዘፍዝፊ። ውሃ በሌለበት ቀን የተዘፈዘፈ ጨርቅ ቤቱን ያገማዋል፣ ጨርቁንም ያበላሸዋል። ዓይነ ምድሩን ሽንት ቤት አራግፊና ጨርቁን ደረቅ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አኑሪው። ውሃ ስትመጣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ታለቀልቂዋለሽ፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ካገኘው እድፉ ይያዛል። ከዚያ በሙቅና በሳሙና። የልብስ ማለስለሻ በጭራሽ እንዳታደርጊበት፣ ጨርቁ ሽንት መምጠጡን ያቆማል። በረኪናም ላስቲክ ፓንቱን ይጨርሰዋል። ፀሐይ ላይ አስጪው፣ የቀረውን እድፍ ፀሐይ ራሷ ታነጣዋለች። እንዶድ ይሻላል የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔ ለጋቢና ለነጠላ እጠቀምበታለሁ፣ አማቴ ናቸው ያስተማሩኝ። ለሕፃን ግን አላደርገውም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ያስተዋሉት እኮ እንዶድ የውሃ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ነው። እንዲህ ኃይለኛ የሆነ ነገር የአራስ ገላ ላይ አይነካም።

3. ማን እንደሚያጥብ ከመውለድሽ በፊት ተነጋገሩ። ይህን አደራ። ጀምረው የተዉ ብዙ እናቶች አውቃለሁ፤ ጨርቁ አላስመረራቸውም፣ ብቻቸውን መቅረታቸው ነው ያስመረራቸው። እኛ ቤት የሌሊቱን ባሌ ነው የሚያጥበው። ሠራተኛ ካለሽም በእሷ ላይ አትጫኚው፣ ስትቀጠር ያልተስማማችበት ሥራ ነው። ሕፃናት ማቆያ የምታስገቢ ከሆነ እዚያ ዳይፐር ይዘሽ ሂጂ። ሞግዚቶቹ በቂ ሥራ አላቸው።

4. ትርፍራፊ። ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ። ይህ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ሲሄድ ወረቀቱንም ላስቲኩንም ያበላሽና ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ለይተው የሚሸጡትን ያሳጣቸዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ሲናድ ከመቶ በላይ ሰው ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ቤት የሚወጣው ከረጢት ማን ሰፈር እንደሚቆለል ሳላስብ መጣል አልሆነልኝም።

ስለዚህ ከብሎካችን ጀርባ በነበረው ባዶ ቦታ የተበሳሳ በርሜል አቆምኩ። እርጥብ ትርፍራፊ ትጨምሪያለሽ፣ በላዩ ደረቅ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ታለብሺዋለሽ፣ በየሳምንቱ ታገላብጫለሽ። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይገባም፣ አይጥ ይጠራል። ከሸተተ እርጥበት በዝቶበታል፣ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ነገር ጨምሪና አገላብጪ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥቁር አፈር ይሆንልሻል። አጠገቡ ጎመንና ቆስጣ ተከልን። ትልቋ ልጄ የራሷ መደብ ነበራት።

የቤት ባለቤቶች ማህበራችን ሊቀመንበር «በርቺ» ብለውኝ ነበር፣ በቃል። አንድ ጎረቤት ግን ዝንብ አመጣችብን ብሎ ወረዳ አመለከተ። ዝንብ አልነበረም፣ መጥቶ ያየም ሰው የለም። አንድ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች መጡ። በርሜሉን ደፉት፣ ጎመኑን ነቀሉት፣ ልጆቼ እያዩ። ልጄ መደቧ ላይ ቆማ ስታለቅስ አንዱ እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ትንሹን አዝዬ ወረዳ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ነይ። ይህ እኛን አይመለከትም፣ ከጎን ያለው ቢሮ ጠይቂ። የጎኑ ቢሮ መልሶ ወደነሱ። በመጨረሻ ኃላፊውን አገኘሁት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሴትዮ፣ ቆሻሻ የሚያነሳ ማህበር አለ፤ አንቺን ምን አገባሽ?» አለኝ። የቆሻሻውን ክፍያ በየወሩ ከውሃ ቢል ጋር የምከፍል ሰው ነኝ፣ እንዴት አያገባኝም! ግድግዳው ላይ የከተማ ግብርና ባነር ተሰቅሏል። ሕዝቡ በደጁ አትክልት እንዲተክል የሚጠይቀው ያው መሥሪያ ቤት ነው።

ያዳነችኝ መዝገብ ቤት ያለች አንዲት ሴት ናት። «እማ፣ በቃል የተባለ ነገር እዚህ አይሠራም፤ ቃለ ጉባኤ አምጪ» አለችኝ። ቤት ገብቼ አዋጁን አነበብኩ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ነው፣ የሚያስተዳድረውም ማህበራቸው ነው። ይህን ይዤ የማህበሩን ጠቅላላ ስብሰባ አስጠራሁ። ከተደፋው መሃል የተረፈውን ብስባሽ በሳህን ይዤ ገባሁና ሁሉንም አስሸተትኳቸው። የዝናብ አፈር ነው የሚሸተው። ከሳሼ ሳይቀር ፈረመ። ማህተም ተመታበት። ለወረዳው በደብዳቤ አስገባሁት፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጠሁት፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው።

ያ ኃላፊ ከዚያ ወዲህ «እህታችን» ነው የሚለኝ። እንግዳ ይዞ መጥቶ ቦታውን ሁሉ አስጎብኝቷል። ስለ ተነቀለው ጎመን ግን ይቅርታ ያለኝ የለም።

አሁን ከሌሎች ብሎኮች ሳይቀር ትርፍራፊ ያመጡልኛል። ጎመን ገዝተን የበላንበትን ጊዜ ልጆቼ አያስታውሱም። የትልቋ መደብ ከበፊቱ ሰፍቷል፣ ለአስተማሪዋም ትወስዳለች።

እና እህቴ፣ አንድ ባልዲ ትርፍራፊ ወደ ታች ከማውረድሽ በፊት ቃለ ጉባኤው ይኑርሽ። ቦታው የት እንደሆነ፣ ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ ማን እንደሚያጸዳው ይጻፍበት። ሦስተኛው ላይ የራስሽን ስም አስገቢ፤ ሰው የሚፈራው ሥራው በእሱ ላይ እንዳይወድቅ ነው። ተከራይ ከሆንሽ ድምፅ የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ስለሆነ እሱን ቀድመሽ አሳምኚው፣ ስብሰባውም ላይ ይገኝልሽ። ወረዳው «ተቀብለናል» ቢልሽ እንኳ የመዝገብ ቁጥሩን ሳትይዢ ከቢሮ እንዳትወጪ።

ኅዳር ላይ መውለድሽ ለጨርቁ ጥሩ ነው፣ የበጋ ፀሐይ ታገኛለሽ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጨርቅ አልደርቅ ሲል እኔም ሌሊት ሌሊት ዳይፐር አደርጋለሁ። አንቺም አድርጊ፣ ራስሽን አታስጨንቂ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ስሞቹን አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ የብሎክ ቁጥሩንና የቦታውን ስፋት ቀይረሽ ተጠቀሚበት።