የከተማ በጀት እንዴት ይታቀዳል? ከጅማ ነዋሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በከተማ አስተዳደር የዕቅድና የበጀት ሥራ ለዓመታት ያገለገልኩ እንደመሆኔ፣ የከተማችን ነዋሪዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ የከተማው ገንዘብ የሚመጣው ከየት ነው?

ከሁለት ቋት ነው። የመጀመሪያው የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ፣ እንዲሁም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወጪ የሚሸፈንበት ሲሆን፣ ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል ድጎማ (ዝርዝር አጠቃቀሙን ተቀባዩ በሚወስነው ገንዘብ) እና ከተማው ራሱ በሚሰበስበው የመንግሥት ግብር ይሞላል። ድጎማው የሚከፋፈለው የሕዝብ ብዛትን፣ የወጪ ፍላጎትንና የገቢ አቅምን በሚያገናዝብ ቀመር ነው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ቋት ነው፤ ከሊዝ፣ ከቦታና ከቤት ኪራይ፣ ከአገልግሎት ክፍያዎች የሚገኘው ገቢ ለመንገድ፣ ለፍሳሽ ማስወገጃ፣ ለጽዳትና ለመብራት ይውላል። «በጀት የለም» የሚል መልስ ሲሰጥዎ የትኛው ቋት እንደሆነ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጅማ የቡና ከተማ ናት፤ ትልቅ ዩኒቨርሲቲም አላት። ታዲያ ገንዘብ ለምን ያጥራታል?

የገቢ ምንጮቹን ክፍፍል የወሰነው ሕገ መንግሥቱ ነው። በአንቀጽ 96 መሠረት በገቢና ወጪ ንግድ (ወደ ውጭ የሚላከው ቡናም በዚሁ ውስጥ ነው) ላይ የሚጣል ቀረጥና ታክስ፣ እንዲሁም የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የሥራ ግብር የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ ነው። ስለዚህ በሺዎች ከሚቆጠሩት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ደመወዝ ላይ የሚቀነሰው ግብር ወደ ከተማው ቋት አይገባም፤ የእነዚሁ ሠራተኞችና የተማሪዎቻቸው ቆሻሻ የሚነሳው፣ የሚመላለሱበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚጠገነው ግን በማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ነው። በእኔ እምነት ይህ ጫና በድጎማ ቀመሩ ውስጥ በአግባቡ ሊታይ ይገባል። የግለሰብ ነጋዴዎች ግብር በአንቀጽ 97 የክልል ገቢ ስለሆነ፣ ከተማው ነጋዴውን በትክክል መዝግቦ መሰብሰቡ ለራሱም ይጠቅመዋል።

ጥያቄ (ከቦሳ)፦ የሰፈራችን የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ እንዲሠራልን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እናመለክታለን። ለምን አይሰማንም?

ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ የምታቀርቡበት ወር ግን ዘግይቷል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። ጽሕፈት ቤቶች የበጀት ጥሪ (የቀጣዩን ዓመት ፍላጎታችሁን አቅርቡ የሚል መልእክት) ደርሷቸው ፍላጎታቸውን የሚያዘጋጁት ቀደም ብለው፣ በበጋው ወራት ነው፤ ከዚያ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ጥያቄዎቹን ከሚጠበቀው ገቢ ጋር እያመዛዘነ ይቀንሳል፣ ካቢኔው ይመክርበታል፣ የክልሉ ድጎማ መጠን ሲታወቅ ይስተካከልና የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ሐምሌ ላይ የሚደርስ ማመልከቻ ገንዘቡ አስቀድሞ ለሌላ ሥራ ተደልድሎ ይጠብቀዋል። ቦያችሁ ቦታ እንዲያገኝ በቀበሌው የሕዝብ ውይይት ላይ ተነሥቶ፣ በየዓመቱ እየተከለሰ ለሦስት ዓመት በሚዘጋጀው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ (የግንባታ ሥራዎች ዕቅድ) ውስጥ በቅደም ተከተል መስፈር አለበት። ይህን አሠራር በዓለም ባንክ የሚደገፉት የከተማ ልማት ፕሮግራሞች አጠናክረውታል፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ቦዩ ውኃውን ወደ አዌቱ ወንዝ የሚያደርስ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ሰፈር ነዋሪዎች ይዛችሁ አመልክቱ፤ መውጫው ያልታሰበበት ቦይ ጎርፉን ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው።

ጥያቄ፦ ሥራው ሁሉ ሰኔ ላይ የሚጣደፈው ለምንድን ነው?

ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ በያዘው መሥሪያ ቤት እጅ ስለማይቆይ ነው። በጅማ ችግሩን የሚያከብደው ዝናቡ ነው፤ በጀቱ የሚጸድቀው በክረምት ስለሆነ ግንባታ ወዲያው አይጀመርም፣ ጨረታውም ዘግይቶ ከወጣ ደረቁ ወቅት በወረቀት ሥራ ያልቃል፣ የበልጉም ዝናብ ይደርሳል። መፍትሔው ጥናቱንና የጨረታ ሰነዱን ክረምቱን አዘጋጅቶ፣ መሬቱ ሲደርቅ ተቋራጩ ሥራ ላይ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ጤና ጣቢያ ከተሠራልን በጀቱ ተሟላ ማለት ነው?

አይደለም። ሕንፃው በካፒታል በጀት አንድ ጊዜ ይሠራል፤ የነርሶቹ ደመወዝ፣ መድኃኒቱ፣ መብራቱና ጥገናው ግን በየዓመቱ ከመደበኛ በጀት ይወጣሉ። ነዋሪው አዋጥቶ የሚያሠራው የኮብልስቶን መንገድም እንዲሁ ነው፤ የጥገና ገንዘብ ካልተያዘለት ድንጋዩ ይነቃቀላል። መደበኛ በጀት ያልታሰበለት ግንባታ ሊጸድቅ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የጸደቀውን በጀት የት ማየት እንችላለን?

በአስተዳደሩ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ መለጠፍ ይኖርበታል፤ ካላገኛችሁት የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ዝርዝሩን ስታነቡ ከ6100 የሚጀምሩት የወጪ ሂሳብ መደቦች ለሠራተኛ የሚከፈለውን፣ 6200 ዕቃና አገልግሎትን፣ 6300 ቋሚ ንብረትና ግንባታን፣ 6400 ልዩ ልዩ ክፍያዎችን ያሳያሉ። የጥገና ወጪ የሚያዘው 6200 ውስጥ ስለሆነ፣ የመንገዳችሁን ጉዳይ 6300 ላይ ብቻ አትፈልጉት።