ከአጥር ውጭ የተተከለን ሳር ከመኪና ማዳን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከአጥርሽ እስከ ኮብልስቶኑ ያለችውን ቦታ ሰርዶ አልብሰሻት፣ ሰው መኪና እያቆመባት፣ መንገዱም ጠባብ በመሆኑ ሁለት መኪና በተላለፈ ቁጥር ጎማ እየወጣባት ጭቃ ሆናለች፤ ድንጋይ ልደርድር ወይ ነው ያልሽው። የኔም ሰፈር መንገድ እንዳንቺው ጠባብ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የሰፈር ሰው ነው፣ ይነገረዋል። እኔ ጎረቤቶቼ ቤት እየዞርኩ «ክረምቱን ብቻ እባካችሁ» ብዬ ለመንኩ፣ ማንም ፊት አልነሳኝም። ለቅሶ ሲሆን ግን ምንም አትበዪ። ድንኳን በተጣለበት ቀን ስለ ሳር አይወራም።

ክረምቱን ነጥዬ የለመንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አፈሩ ደረቅ ሲሆን መኪና ቢቆምበት ቅጠሉ ይተኛል እንጂ ሥሩ ያን ያህል አይጎዳም። እርጥብ ዋልካ ላይ ግን አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ውሃው ከላይ ተኝቶ ሥሩ ይታፈናል። ከጉዳቱ አብዛኛው የሚደርሰው ደግሞ ጎማው ገና መጀመሪያ ሲያልፍበት ነው፤ ስለዚህ «አንዴ ብቻ ላቁም» ለሚልሽም እሺ አትበዪ። እንደ ቦሌና አቃቂ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ከሆንሽማ የሐምሌ አንድ ቀን የጥርን ወር ሙሉ ያስንቃል።

ድንጋዩን ደርድሪ፣ ግን በልኩ። ቪትዝ ወርዷ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው፣ ባጃጅ ደግሞ 1 ሜትር ከ30። በድንጋዮቹ መካከል 1 ሜትር ከ10 ብትተዪ ሁለቱም አይገቡም፤ እግረኛውም በዊልቸር የሚሄደውም ያልፋል። ትንንሽ ድንጋይ አልመክርሽም። ሹፌሩ ከመሪው ሆኖ የማያየው ድንጋይ ኮፓ ይሰብራል፣ ፓራውልት ይገነጥላል፣ ጠቡም ካንቺ ጋር ይሆናል። ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ይታይ፣ ሲሶው ይቀበር፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ሞተረኛ እንዳይላተምበት ነጭ ቀለም ይቀባ። ከመንገዱ ጠርዝም ግማሽ ሜትር ገባ ይበል፣ መኪኖቹ መተላለፊያ ያስፈልጋቸዋል። አንዳንድ ሰው ፌሮ ቆርጦ አቁሞ ይተክላል፤ እባክሽ እሱን እንዳታስቢው፣ ልጅ ቢወድቅበት ምን ይባላል?

ከአጥር ውጭ ያለው መሬት ካርታሽ ላይ የለም፣ ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ወረዳ ጠይቂ። የውሃና የቴሌ መስመር በየት እንደሚያልፍም አጣሪ፤ ወደ ቤት የሚገባው የውሃ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ጥልቀት ስለሌለው ዶማ በቀላሉ ያገኘዋል።

መታጠፊያው ጋ ያለውን ጥግ ግን ተይው። አይሱዙ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ቆርጦ ነው የሚያልፈው፤ ሹፌሩ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን መንገዱ ከጠበበ ጥጉን መርገጡ አይቀርም። እዚያ ገረጋንቲ ጠቅጥቀሽ ኮብልስቶን አስነጥፊበት። በርሽ አጠገብም ለአንድ መኪና የሚሆን ቦታ ብትሰጪ እንግዳሽ ሌላውን አይነካብሽም። አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋ ከፈለግሽ ቀዳዳ ያለውን የኮንክሪት ንጣፍ አስነጥፊ፤ ቀዳዳው ውስጥ የምትሞይው አፈር ከንጣፉ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ጎማው ኮንክሪቱን እንጂ የሳሩን እምብርት አይረግጥም።

የተበላሸውን አሁን አትንኪው፣ ጭቃውን በቆፈርሽው ቁጥር ይብስበታል። መስከረም ላይ ጠፈፍ ሲል በፌሮ ቁራጭ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወጋሽ አናፍሺው፤ የጎማውን ቦይ ኮምፖስት በተቀላቀለበት አፈር በስሱ፣ በየጊዜው እየጨመርሽ ሙዪው። አንዴ ከቆለልሽበት የተረፈው ሳርም ይታፈናል። ዳር ያለው ሰርዶ በሕይወት ካለ እየተሳበ መጥቶ ራሱ ይሸፍነዋል፣ እስኪይዝ ድረስ በገመድ አጥሪለት። ዘይት የፈሰሰበትን ቦታ ግን አፈሩን ዝቀሽ አውጪና ሌላ ተኪበት፤ ውሃ ብታፈሺበት አይለቅም።