ኮምቦልቻ የተቀመጠ እቃ ደሴ ሲሸጥ፦ ስለ መጋዘንና ክምችት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ከአንድ በላይ መጋዘን ላላቸው ሱቆች የክምችት አያያዝ ማደራጀት ነው። በኢንተርኔት የምትሸጡ የወሎ ነጋዴዎች ሁልጊዜ በየተራ የምትጠይቁኝን ዛሬ በጋራ ልመልስ። ጠይቁ።

ከደሴ፦ ድረ ገጼ የሚሸጠው በዉኮሜርስ ነው። 15 ብርድ ልብስ አለ ይላል፤ ሱቅ ገብቼ ስቆጥር 3 ብቻ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም ጋሼ፤ የነገረዎት ድምሩን ነው። ዉኮሜርስ ምንም ሳይጨመርበት ለአንድ እቃ የሚይዘው አንድ የክምችት ቁጥር ብቻ ነው። 12ቱ ኮምቦልቻ፣ 3ቱ ደሴ መሆናቸውን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። መፍትሔው ለየመጋዘኑ ቁጥር የሚይዝ ፕለጊን (ዉኮሜርስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) መጨመር ነው፤ አለዚያም ክምችቱን እንደ ኦዱ ባለ ፕሮግራም ይዞ ድረ ገጹን ከእሱ ጋር ማገናኘት። ሾፒፋይ የተባለው ሌላው የድረ ገጽ መሸጫ ግን ከመጀመሪያውም በየቦታው ለይቶ ይቆጥራል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ለእያንዳንዱ እቃ አንድ መለያ ኮድ ይስጡ። ኮምቦልቻ ላይ «ብርድ ልብስ ትልቁ»፣ ደሴ ላይ «የሁለት ሰው» ተብሎ የተመዘገበው ለእርስዎ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት እቃ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ጠዋት ጭኜ ወደ ደሴ እልካለሁ፤ ማታ ጎደለ ይባላል፤ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?

አብሽር ወንድሜ፣ የብዙ ሰው ራስ ምታት ይህ ነው። እቃው ከአንተ እጅ ወጥቶ ደሴ ሳይገባ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ የማን ነው? አብዛኛው ሰው ዝውውሩን በአንድ ጠቅታ ይመዘግባል፤ ከኮምቦልቻ 40 ሲቀነስ እዚያው በዚያው ደሴ ላይ 40 ይጨመራል። ጭነቱ ገና የሐረጎን ዳገት ሳይጨርስ ድረ ገጹ «ደሴ አለ» እያለ ይሸጠዋል።

ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ «መንገድ ላይ» የሚባል ሦስተኛ ቦታ ክፈት። ኦዱም፣ ሌላው የክምችት ፕሮግራም ኢአርፒኔክስትም ይህን ይፈቅዳሉ። አንተ 40 ስታወጣ ከኮምቦልቻ ተቀንሶ «መንገድ ላይ» 40 ይሆናል። ደሴ ያለው ተረካቢ ቆጥሮ 38 ቢያገኝ 38 ብቻ ያስገባል። 2ቱ «መንገድ ላይ» እንደተቀመጡ ይቀራሉ፤ ከአንተም ከእሱም ላይ አይደሉም፤ ሹፌሩና ሰነዱ እስኪጠየቁ ድረስ በግልጽ ይታያሉ። ከዚህ ቦታ ላይ መሸጥ እንዳይቻል ማድረጉን ግን አትርሳ።

በመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፦ ወጪ በሞዴል 22፣ ገቢ በሞዴል 19፤ ሁለት ሰነድ፣ ሁለት ፊርማ። ዛሬም ሁለቱን ሥራዎች ለሁለት ሰው ስጡ። ተረካቢው ሳይቆጥር «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ብሆን ላኪው የጻፈውን ቁጥር ከተረካቢው እደብቃለሁ፤ ያኔ መቁጠር ግድ ይሆንበታል።

ከወልድያ፦ አንድ ብቻ የቀረ ጫማ ለሁለት ሰው ተሸጠብኝ። የምቀበለው በባንክ ዝውውር ነው፤ ዉኮሜርስ እጠቀማለሁ።

እህቴ፣ «በእጅ ያለ» (መደርደሪያ ላይ የሚቆጠረው) እና «ለሽያጭ ያለ» (ለማንም ያልተያዘው) የተለያዩ ናቸው። በባንክ እከፍላለሁ ያለ ደንበኛ ትእዛዝ ሲያስገባ ዉኮሜርስ ትእዛዙን በይደር ይይዘውና እቃውን ወዲያው ከክምችት ይቀንሳል። ስለዚህ ጫማው ሁለት ጊዜ የተሸጠው ምናልባት አንዱ ሱቅ ውስጥ በእጅ ተሸጦ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነው። እዚያ ፈልጊ።

የተገላቢጦሹም ችግር አለ። ፕሮግራሙ ያልተከፈለ ትእዛዝን በ60 ደቂቃ ይሰርዛል ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ያ የሚሠራው ፕሮግራሙ «ክፍያ በመጠባበቅ ላይ» ብሎ ለመዘገባቸው ነው፤ እንደ ባንክ ዝውውሩ «በይደር» ያላቸውን አይነካም። ደረሰኝ ልልክ ነው ብሎ የጠፋ ደንበኛ ጫማሽን እንደቆለፈ ይኖራል። በየማታው እየገባሽ ራስሽ ሰርዢ።

ከሐይቅ፦ ሳሙና በካርቶን ይገባል፣ በፍሬ ይሸጣል። በምን ልመዝግብ?

በፍሬ። ካርቶኑን 12 ወይም 24 ፍሬ ነው ብለህ በመግዣ መለኪያነት አስገባ፤ ማባዛቱን ፕሮግራሙ ይሠራዋል።

ከከሚሴ፦ ትእዛዝ ሲመጣ ከየትኛው መጋዘን ልላክ? ደሴም ኮምቦልቻም አለኝ።

መንገዱን ተከተይ። ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ሐይቅ፣ መርሳና ወልድያ የሚሄደው ከደሴ ይውጣ። ወደ ሐርቡና ወደ አንቺው ከሚሴ፣ እንዲሁም ወደ ባቲ የሚሄደው ከኮምቦልቻ። ከኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የሚላክ እቃ በደሴ ነው የሚያልፈው፤ ደሴ እያለ ከታች መጫን ትርፍ ኪራይ ነው። ሾፒፋይ ላይ ይህን ቅደም ተከተል በደንብ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ትእዛዝ ከሁለት መጋዘን ተከፍሎ እንዳይላክም ከልክዪ፤ ትርፉን የትራንስፖርት ዋጋ ይበላዋል።

ከመርሳ፦ ኔትወርክ ሲጠፋስ?

የኦዱ የሱቅ መሸጫ አስቀድሞ ከተከፈተ ኢንተርኔት ቢቋረጥም መሸጡን ይቀጥላል፤ ሲመለስ ይልካል። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ቢን ካርዱን (የእቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበትን ካርድ) ከመደርደሪያው አታውርዱት። ድረ ገጹ ግን የእናንተ መብራት ቢጠፋም መሸጡን አያቆምም። ስለዚህ ፈጥኖ ከሚሸጠው እቃ ጥቂት ፍሬ ለድረ ገጹ ሳታሳዩ በመጠባበቂያነት ያዙ።

ከደሴ፦ የበጀት ዓመቱ ሪፖርት ከመዝገቤ ጋር አይገጥምም።

ቀኑን ተመልከቺ። ሐምሌ 1 በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው፤ ሪፖርቱን ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 አድርገሽ አውጪ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑንም አረጋግጪ። በግሪንዊች ሰዓት ከተተወ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የገባ ትእዛዝ ሁሉ በቀደመው ቀን ይመዘገባል፤ የሰኔ 30 እና የሐምሌ 1 ሽያጭ የሚደባለቅብሽ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።