መልስ፦ ጃፓን፣ ሃኮኔ ውስጥ ሪዮካን (ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ) ለማደር

አንገትህ ላይ ያለችው የመስቀል ንቅሳት ከፍል ውሃው ታስከለክለኝ ይሆን ላልከው፣ አዎ፣ ልታስከለክል ትችላለች። ብዙ ሪዮካኖች ንቅሳት ያለበትን ሰው ወደ ጋራ መታጠቢያው አያስገቡም። ትንሽ ከሆነች በፕላስተር ሸፍነህ ግባ የሚሉም አሉ፤ ክፍል ከመያዝህ በፊት ጠይቅ። ለብቻ የሚከራይ መታጠቢያ ያለው ብታገኝ ግልግል ነው። ከሃኮኔ ርቃ ያለችው ሌላዋ የፍል ውሃ ከተማ ኪኖሳኪ ደግሞ የሕዝብ መታጠቢያዎቿ ንቅሳት አይከለክሉም።

ዋና ልብስ አይለበስም፣ ራቁት ነው። መጀመሪያ በርጩማዋ ላይ ተቀምጠህ በሳሙና ታጠብ፣ አረፋውን በደንብ አጥራ፣ ከዚያ ግባ። ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትነከርም፤ አናትህ ላይ አስቀምጣት። ውሃው 40–42 ዲግሪ ስለሚሆን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ብዙ ከቆየህ ደም ግፊትህ ወርዶ ስትነሳ ያዞርሃል። ጠጥቶ መግባትማ አይታሰብም! የብር መስቀልህንም አውልቅ፣ ድኝ ያለበት ውሃ ያጠቁረዋል።

ማታ የወንዶች የነበረው መታጠቢያ ጠዋት የሴቶች ሊሆን ይችላል (እንግዳው ሁለቱንም መታጠቢያ እንዲያይ ነው)፤ በር ላይ ያለውን መጋረጃ ሳታይ እንዳትገባ። አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ የወንድ፣ ቀይ የሴት ነው።

ዩካታውን (ማረፊያው የሚሰጥህን ቀለል ያለ የጥጥ ኪሞኖ) ስትለብስ ግራው ከላይ ይሁን፤ ቀኙን ከላይ ማድረግ የአስከሬን አለባበስ ነው። ታታሚ (የክፍሉ ወለል ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ) ላይ በነጠላ ጫማም አይረገጥም።

እራት በሰዓቱ ስለሚቀርብ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ድረስ። ጾም ላይ ከሆንክ ቀደም ብለህ ጻፍላቸው፤ አትክልት የሚመስለው ወጥ እንኳ መረቁ የደረቀ ዓሣ ነው።