እህቴ የሥነ ልቦና ሕክምናውን አቋረጠች፤ ላስገድዳት ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ታናሽ እህቴ ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። በትንሽ ነገር ትደነግጣለች። በየሳምንቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንድታይ ተነግሯት ሁለቴ ሄዳ ተወችው። «እብድ ነኝ እንዴ?» ትላለች። እናታችን ደግሞ «ጠበል ይበቃታል» ትላለች። ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አታስገድዳት፤ ግን ደግሞ አትተዋት።

መጀመሪያ የእናትህን ነገር ላንሳ። ጠበልና ሕክምና አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ፣ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። የአእምሮ ሕመምም ከዚህ አይለይም። ጠዋት ትጠመቅ፣ ከሰዓት ባለሙያው ጋ ትሂድ። እሷ ከፈቀደች የንስሐ አባቷም ይወቁት። የእርሳቸው «ሂጂ ልጄ» ከእናንተ ጭቅጭቅ ይልቅ ልቧን ሊያሳርፈው ይችላል።

እምቢታዋ ግን ምክንያት አለው። የደረሰባትን ማውራት ያማል። መጀመሪያ አካባቢ የተዳፈነው ስለሚቀሰቀስ ሊብስባት ይችላል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡትም እዚያ ላይ ነው። ባለሙያው ወንድ ሆኖባትም ይሆናል። ወይም ክፍያውን አይታ ሸክም አልሁንባቸው ብላ አስባ ይሆናል። ስለዚህ «ለምን አትሄጂም?» ብለህ አታፋጥጣት። «እዚያ ስትሆኚ የሚከብድሽ ምኑ ነው?» በላት። መልሱን ለባለሙያው ራሷ ትንገር። ባለሙያ መቀየር ይቻላል። ያለፈውን ሳይነኩ ከእንቅልፏ መጀመርም ይቻላል።

ለምጽ የነበረበትን የሶርያ ሠራዊት አለቃ ንዕማንን አስብ (2ኛ ነገ. 5)። በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ሲባል ተቆጥቶ ሄደ። ነቢዩ ኤልሳዕ ወጥቶ በአንዴ እንዲፈውሰው ነበር የጠበቀው። ማን መለሰው? አገልጋዮቹ። አልጎተቱትም፣ አልዘለፉትም። ቀርበው «አባት ሆይ» ብለው ጀመሩ፤ ከባድ ነገር ቢታዘዝ ኖሮ ያደርገው እንደነበር አሳሰቡት። ያኔ ወረደ። ይህን ክፍል ስናስተምር ስለ ውሃው ብዙ እንላለን፣ ስለ አገልጋዮቹ ትንሽ። የቤተሰብ ድርሻ ግን እነሱ የሠሩት ነው።

እስከ በሩ አብረሃት ሂድ፣ ውጭ ጠብቃት። ስትወጣ «ምን አወራችሁ?» አትበላት። «እምነትሽ ጎድሎ ነው» የሚላት ዘመድ ካለ በትሕትና አስቁመው።

መሞትን ካወራች ወይም ራሷን ልትጎዳ ነው ብለህ ከሰጋህ ግን እሺታዋን አትጠብቅ። ብቻዋን አትተዋት፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዳት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ።

የክርስትና ስሟን ላክልኝ፤ በጸሎት አስባታለሁ።