ኮዱ ክፍት ከሆነ ለምን አይግባቡም?

የዛሬዋ ጠያቂ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ናት። የሶፍትዌር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነች። ለልምምድ የወጣችበት ድርጅት ኦፕንኤምአርኤስ የተባለውን የታካሚ መዝገብ መያዣ ክፍት ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም አይቶ ሊወስደው የሚችል) ወስዶ፣ አስተካክሎ ለክሊኒኮች ይሸጣል። ስትመረቅ ሊቀጥራት ይፈልጋል። ሥራው ግን አፕ መሥራት ሳይሆን ሲስተሙን ከሌሎች ጋር ማግባባት ነው። «ጓደኞቼ ይሄ ገመድ መቀጠል ነው፣ ፕሮግራመር አያሰኝሽም ይሉኛል። ደግሞስ ኮዱ ክፍት ከሆነ ስታንዳርድ ምን ያደርጋል? ልቀበል ወይስ ልተው?» ትላለች።

ተቀበዪ እህቴ። ጓደኞችሽንም አቦ ተያቸው።

ከስታንዳርዱ ልጀምር፤ ሁሉም እንዲከተለው የተጻፈ ስምምነት ማለት ነው። ከዚራ ያለውን የድሮውን ባቡር ጣቢያ ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ የደረሰው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ ባቡር ሐዲድ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር። አንዳቸውም ሚስጥር አይደሉም፤ ሜትር የያዘ ሁሉ ይለካቸዋል። የድሮው ፉርጎ ግን አዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። ክፍት ኮድም እንደዚያው ነው። ስላየሽው ብቻ አይገጥምልሽም።

እኔም ወደዚህ ሥራ ሳልገባ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ሁለት ሲስተም ነበረን። ሁለቱም በክፍት ሶፍትዌር የተሠሩ፣ ዳታቤዛቸው እንኳ አንድ፣ ፖስትግሬስ። ሻጮቹ ግን ይለያያሉ። አንዲት ባልደረባችን ጠዋት ከአንዱ ፕሪንት ታወጣለች፣ ከሰዓት ያንኑ ሌላው ላይ ትተይባለች። ዕድሜዋን እዚያ ጨረሰች ብል አላጋነንኩም። ሻጮቹን ስንጠራቸው አንዱ በሌላው ያሳብባል። የተጻፈ ስምምነት ስለሌለ ማን እንዳጠፋ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ክሊኒክሽ እንምጣ። የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ አንድ ልጅ የተወለደው መስከረም 10 ቀን 2010 ነው ብላ ትጽፋለች፣ በእኛው አቆጣጠር። ሲስተማችሁ 2010-01-10 ብሎ ይልከዋል። ተቀባዩ ሲስተም እንደ ፈረንጅ ቀን ያነበዋል። ልጁ በአንድ ጊዜ 7 ዓመት ከ8 ወር አደገ! የመድኃኒት መጠን በዕድሜ የሚታዘዝ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም። ጳጉሜማ ይሻላል፤ ተቀባዩ ሲስተም 13ኛ ወር የለም ብሎ ቢያንስ ይጮኻል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ተብላ ሁለት ካርድ የወጣላት እናትም አለች። ይሄን ውጭ አገር ያለ ፕሮግራመር አያስብልሽም። አንቺ ግን እዚያው ተወልደሽበታል።

ለጤና መረጃ ፋየር የሚባል ስታንዳርድ አለ፤ ኤችኤልሰቨን የተባለው የጤና መረጃ ስታንዳርድ አውጪ ድርጅት ያወጣው፣ በነፃ የሚነበብ። ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲላክ ይደነግጋል። ግን ሰነዱን አንብቤያለሁ ማለትና በትክክል መላክ ይለያያሉ። ለዚህ ነው ሲስተሙ በትክክል መላኩን የሚያጣራ ፈተና የሚያስፈልገው። ኩበርኔቲስን እዪ፤ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር ክፍት ሶፍትዌር ነው። ኮዱን ማንም ወስዶ ይሸጠዋል። «ሰርቲፋይድ ኩበርኔቲስ» ለመባል ግን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ያልፋል፣ ውጤቱም በአደባባይ ይቀመጣል። ኮዱን ፈቃዱ ይሰጥሻል፣ ስሙን ግን ፈተናው።

ተቃራኒውም አለ። የተለያዩ የሊነክስ ዓይነቶችን ለማግባባት የወጣው ሊነክስ ስታንዳርድ ቤዝ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ የአይኤስኦ፣ ስታንዳርድ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በእሱ ሰርተፍኬት ያወጣው አፕሊኬሽን ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሊነክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን ለስታንዳርዱ የሚሰጠውን አብዛኛውን ድጋፍ ተወው። ስለዚህ የድርጅቱ ባለቤት መቶ ገጽ ሰነድ ጻፊ ቢልሽ እሺ አትበይ። ሁለት ክሊኒክ የሚጠቀምበት አምስት ገጽ ይሻላል።

ከመፈረምሽ በፊት ደሞዝሽ ከሌሎቹ ፕሮግራመሮች እኩል መሆኑን አረጋግጪ። ከዚያ የምትጽፊውን ፈተና ተፎካካሪዎችም እንዲያሄዱት ክፍት ማድረግ ይፈቅድልሽ እንደሆነ ጠይቂው። ፊቱ ይጠቁር ይሆናል። ምርትህን ዝጋው፣ መገናኛውን ክፈተው በይው። ፈተናው እሱ ቢሮ ከቀረ ስታንዳርድ ሳይሆን የቤት ደንብ ነው። እምቢ ካለም ሥራውን ያዢው፣ ከዓመት በኋላ ግን ሌላ ማየት ጀምሪ።

በዚህ ሥራ ስም የወጣ ማስታወቂያ ፍለጋ አትድከሚ። «ሶፍትዌር ኢንጂነር» የሚሉት ውስጥ ተደብቆ ታገኚዋለሽ። ለሰርተፍኬት ብለሽም ገንዘብ አትበደሪ። እስክትመረቂ ሃፒ ፋየር የሚባለውን ክፍት ሰርቨር ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚና አሥር ሕፃናት ከሲስተማችሁ ላኪበት። አንዱ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተወለደ ይሁን። እዚያ ሰርቨር ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 2023-09-11 ሆኖ ካልገባ፣ የመጀመሪያ ሥራሽን አግኝተሻል።