ሜትሮፖሊታን ሙዚየምን ለመጎብኘት ላሰባችሁ፦ የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የኒውዮርኩን የሜትሮፖሊታን የጥበብ ሙዚየም የሚመለከቱ ናቸው። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ በአውቶቡስ መጥቼ በዚያው ቀን እመለሳለሁ። ሁሉንም አይቼ እንድጨርስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አይጨርሱትም፤ ይተዉት። ሙዚየሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሥራዎች አሉት። ለእይታ የሚቀርበው ጥቂቱ ቢሆንም እሱም ከአንድ ቀን አቅም በላይ ነው። ዓይን አይጠግብም፤ እግር ግን ይደክማል። ሦስት ክፍል ይምረጡና በእያንዳንዱ ረጋ ብለው ይቆዩ። የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ መጀመሪያ ወደ ዴንዱር ቤተ መቅደስ ይሂዱ። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15 ዓመት አካባቢ፣ በኑቢያ ዓባይ ዳር የተሠራ ነው። የአስዋን ግድብ ውኃ ሊውጠው ሲል ድንጋዩ ተፈታ፤ ግብፅ በ1965 ለአሜሪካ ሰጠችው፤ ሙዚየሙ ውስጥ ተገጣጥሞ ለሕዝብ የተከፈተው በ1978 ነው። ግድግዳውን ጠጋ ብለው ይዩት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ስማቸውን ቀርጸውበታል። ድፍረታቸው ያናድደኛል፤ ሆኖም በሄድኩ ቁጥር ቆሜ የማነበው እነሱን ነው።

ጥያቄ፦ መግቢያው «የፈለግኸውን ያህል ክፈል» ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እስከ 2018 ድረስ ለሁሉም እንደዚያ ነበር። አሁን በዚህ መብት የሚጠቀሙት የኒውዮርክ ግዛት ነዋሪዎችና በኒውዮርክ፣ በኒውጀርሲና በኮነቲከት የሚማሩ ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ መታወቂያ ይያዙ። ሌላው አዋቂ 30 ዶላር ይከፍላል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነጻ ይገባሉ። ረቡዕ ዝግ ነው። ዋጋው የከበዳችሁ የዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪዎች፣ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ ደጃችሁ ላይ አሉላችሁ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ቅርስ አለበት? ካለስ ተዘርፎ የሄደ ነው?

መልስ፦ አለበት። ዋናው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ15ኛው መጀመሪያ፣ በጣና ሐይቅ አካባቢ እንደተጻፈ የሚታመን የብራና ወንጌል ነው። ገበታው (ሽፋኑ) የግራር እንጨት ነው፤ ውስጡ የክርስቶስን ሕይወትና ወንጌላውያኑን የሚያሳዩ ሙሉ ገጽ ሥዕሎች አሉት። በሥዕሎቹ ላይ የልብሱ እጥፋት በመስመር ብቻ ተሠርቶ ሲታይ፣ ሠዓሊው እጁ እንዳልተንቀጠቀጠ ይታወቃል። ብራናና ቀለም በብርሃን ስለሚጎዱ ክፍሉ ደብዘዝ ይላል፤ መጽሐፉም ሁልጊዜ ለእይታ አይቀርብም። ከመሄድዎ በፊት በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ለእይታ መቅረቡን ያረጋግጡ። የአፍሪካ ክፍል ታድሶ በ2025 እንደገና ተከፍቷል።

ዘረፋውን በተመለከተ፣ ሙዚየሙ ይህን ወንጌል ያገኘው በ1998 ነው። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ቅርሶች ብዙዎቹ ያሉት ለንደን ነው። ስለ ሌሎቹ ሥራዎች መጠራጠር መልካም ነው፤ እኔም እጠራጠራለሁ። ከሥራው አጠገብ ባለው መግለጫ ግርጌ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አይለፏት። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ክፍሏ ሙዚየሙ ዕቃውን የተረከበበትን ዓመት ይናገራል፤ የዚህ ወንጌል ቁጥር 1998.66 ነው። ከዚያ በፊት በማን እጅ እንደነበረ ካልተጻፈ፣ ዝም ብሎ የታለፈው ዘመን ራሱ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?

መልስ፦ ያለ ፍላሽና ያለ ማቆሚያ እግር ይፈቀዳል፤ አንዳንድ ልዩ ዐውደ ርእዮች ግን ይከለክላሉ። ለትምህርት ወይም ለኅትመት ከፈለጉት አይድከሙ፤ ሙዚየሙ ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ሥራዎች ምስል በድረ ገጹ በነጻ ለቅቋል።

ጥያቄ፦ እናቴ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል። ይዣቸው ልምጣ?

መልስ፦ ይዘዋቸው ይምጡ። በአምስተኛው ጎዳና በኩል ያለውን ትልቁን ደረጃ ይተዉትና በ81ኛው መንገድ በኩል ባለው ከመሬት እኩል በሆነው በር ይግቡ፤ አሳንሰር አለ። ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ይሰጣል፤ ግን ቀድሞ ለደረሰ ስለሆነ በሩ በ10 ሰዓት (በእኛ በ4 ሰዓት) ሲከፈት ቢደርሱ ይሻላል።